ጠፍር

ከይጎፍ ተረተር፣ ጥዱ ከሳሳበት፣
ሦስት ምሁራን መጡ በሦስት ዓይነት ትምህርት።
እኔ ተቀጥሬ፣ ሜትር ልይዝላቸው፣
የዛፍ ስም ልጠራ፣ ገደል ላሳያቸው።

ልሳኑ የዛፍ ነው፤ ጥዱን ይበሳና
እርሳስ የምታህል እንጨት ይመዝዛል፣ ትንፋሹን ያዝና።
ዙልፋ የዝናብ ናት፤ የሰላሳ ዓመት ጠብታ
በወረቀት ይዛ፣ በቁጥር ሰፍታ።
ትርሲት የሰው ናት። ትጠይቃለች ብቻ፦
ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት ነው ሸክሙ?
ገበያው ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ?

መሬማ እንድሪስን ያየናት እዚያ ነው።
መጀመሪያ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ሁለት እግር፣
ፊቷ የመጣው ዘግይቶ ነው።
ዘብ መሰልናትና ከሩቅ ጀመረች፦
«እርጥብ አልነካሁም፣ ወላሂ» እያለች፣
«ክትክታ ነው፣ ደረቅ፤ ስሙት ሲሰበር
ይጮሃል እንጂ አይለመጥም።»
«አብሽሪ፣» አልኳት፣ «እኛ እንኳን ልንቀማ፣
ማሰሪያም አልያዝን።»

ሚዛኑን ሰቀልነው ከወይራ ቅርንጫፍ።
ሃያ ዘጠኝ ኪሎ።
«ይኸም ሸክም ሆኖ!» አለች ፊቷን አዙራ፣
«እናቴ ብታየው፣ ባዶሽን መጣሽ ወይ
ትለኝ ነበር ጠርታ።»

ከዚያ ጠፍሩን ፈታች።
የበሬ ቆዳ ነው፣ የናቷ ነው ጥንቱ፣
ላብ ያጠቆረው፣ እንደ እባብ የለዘበ።
ማንም ሳይጠይቃት በጣቷ አሳየች፦
«እዚህ ጋ የሳሳው፣ ከጫፉ አንድ ጋት፣
የእናቴ ቋጠሮ ነው። ያኔ ጎሕ ሲቀድ ወጥታ
ጤዛው ሳይረግፍ ትመለስ ነበረ።
ይኼ የኔ ነው፣ አንድ ክንድ ገባ ብሎ፤
ትልቁን ልጄን ያረገዝኩ ዓመት።
ይኸውና የዛሬው።
ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው፤
የሚጠፍረው አጥቶ፣
ራሱን ይጠፍራል።»

ልሳኑ ያቺን እርሳስ እንጨት
ከጠፍሩ ጎን አጋደማት።
ቀለበት ከቀለበት፤
የድርቁ ዓመት እንደ ፀጉር ቀጥኗል፤
ትይዩው ላይ ደግሞ ቆዳው ተፍቋል።
ዙልፋ ወረቀቷን ከሥር ዘረጋችው።
በርግጥ ልክ አልገጠመም፤
ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ይዛነፋል።
«ሰማዩ ነው የቀደመ» አለች አንደኛዋ፤
«የለም፣ መጥረቢያው ነው» አለ ልሳኑ።
ትርሲት ብቻ እርሳሷን ነክሳ፦
«ዛፍና ሰው መቼ በአንድ ቀን ተርበው ያውቃሉ?»

እኔ ሜትሬን ይዤ አንድ ነገር ዋጥኩ።
ቤቴ ገራዶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ
ሚስቴ የምትገዛው እንጨት ከሰማይ አይወርድም፤
እንደዚህች ካለች ጀርባ ላይ ነው የምታወርደው፣
አምስት ብር አስቀንሳ።
መጠይቁን ገልብጬ አየሁት፣ በፊትም በኋላም፤
ለኔ ቢጤ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን የለውም።

ልንሄድ ስንነሳ መሬማ ቀረች፤
የተበሳው ጥድ ሥር በርከክ አለችና
በጣቷ ጭቃ ዛቀች፣
እርሳሱ የወጣበትን ቀዳዳ
እንደ ሕፃን ጆሮ ቀስ አድርጋ ደፈነች።
«ብርድ ይገባዋል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።
ልሳኑ ሰም ይዞ ነበር፣ በቦርሳው ውስጥ።
አላወጣውም።

«አሸክመኝ» አለችኝ።
ሜትሩን መሬት ጣልኩ።
ሃያ ዘጠኝ ኪሎ፣ በወረቀት ቀላል፤
በሁለት እጄ ስር ግን ተነፈሰ፣
ቆንጥሮው ክንዴን ያዘ፣
የእሷም አንገት ጅማት ሲወጠር ሰማሁት፤
ቢሰማ ኖሮ እንዲህ ነበር ድምፁ።

ቸኩላ ነው መሰል የጠፍሩን ትርፍ
ሳትጠቀልለው ወረደች።
ጫፉ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ
መሬት ይነካል፣ ይነሳል፣
እንደገና ይነካል፣
በቁልቁለቱ አቧራ ላይ
ተቆራርጦ የሚሄድ መስመር።
ወደ ደሴ ዞር ያለ።
ያንን አልለካነውም።